የብሎክ አሥራ ሰባት ዕድር ታብሌት ሲገዛ

በዚያ ዘመን አዳማ ላይ ሰው የሚቀበረው ቆሞ ነበር። ቦታ የለማ! ከተማው ወደ ላይ አድጎ አድጎ ደመና ሲነካ፣ ታች የቀረችው ባዶ መሬት ለመኪና ማቆሚያ እንኳ አልበቃችም። ስለዚህ መቃብር እንደ ቁም ሣጥን ግድግዳ ላይ ተሠራ። ሟች በቁሙ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ አጉረመረመ። "ዕድሜ ልኬን ወረፋ ቆሜ፣ ሞቼም ልቆም ነው?" ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። እነሱም ሞቱና ቆሙ።

የመቃብሩን በር የሚከፍተው የዕድር ታብሌት ነው። ታብሌት የሌለው ዕድር ሬሳውን ይዞ ወደመጣበት ይመለሳል። የብሎክ ዘጠኝ ሰዎች አንድ ጊዜ በሩ ላይ ባትሪ አልቆባቸው፣ ሬሳ ተሸክመው ቻርጀር ፍለጋ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ሲዞሩ ውለዋል ይባላል። ውሸት ነው የሚልም አለ። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ያሉት ሻይ ቤቶች ሁሉ "ሬሳ ይዞ ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል፤ ያለ ምክንያት ማን ይለጥፋል?

የብሎክ አሥራ ሰባት ዕድር ታብሌትም አርጅቶ ነበር። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ጆሮው ከብዷል፣ የሟች ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጮኹበት አይሰማም። በመጨረሻ አንድ ቀብር ላይ የሟቹን ስም ትቶ የለቀስተኞቹን ስም በየተራ መጥራት ሲጀምር ሰዉ ጫማውን እየጣለ ሮጠ። "አዲስ ይገዛ!" ተባለ።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ከያፌት የተሻለ ሰው በብሎኩ አልነበረም። ያፌት በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የግዢ ሠራተኛ ነው፤ ዋጋ ሳያስቀንስ ከሱቅ የወጣ ዕለት ምግብ አይረጋለትም። ሲወለድ አዋላጇ "ወንድ ነው!" ብትል "የመጨረሻው ስንት ነው?" ብሎ መለሰላት እያሉ ያሙታል። ለፋብሪካው ስልክና ታብሌት የሚመርጠው እሱ ነበር፤ ከመረጣቸውም አንዱ እንኳ ውድ ሆኖ አያውቅም። ሌላ ሌላውን አትጠይቁ።

ሱቁ ውስጥ ሻጯ ሦስት የዕድር ታብሌቶች ደርድራ አሳየችው።

"ይሄ ውዱ ነው ጋሼ። ምንም አይጠይቃችሁም፣ ዝም ብሎ ይሠራል።"

"ዝም ብሎ ለሚሠራ ይሄን ሁሉ? ይሄኛውስ?"

"መካከለኛ ነው። እሱ ማስታወቂያ ያስገባል። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ መሀል ላይ የሳሙና ነገር፣ የቢራ ነገር…"

"ምን ዓይነት ቢራ?" አለ ያፌት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "አይ፣ ነውር ነው። ያኛውስ?"

ሦስተኛው ከሁለቱ የሚያምር ነበር። ዋጋው ሲነገረው ያፌት የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ጠየቀ።

"እሱ ግን ሥራ ይወዳል፣ ጋሼ" አለች ሻጯ። "የዕድር ዕቃ አይደል? ሥራው ቀብር ነው። በየሩብ ዓመቱ ቢያንስ አንድ ሰው ካላስመዘገባችሁበት 'ሥራ ፈታሁ' ብሎ ወደኛ ይመለሳል። የመቃብር ውላችሁም አብሮት ይመጣል።"

"የቀበርናቸውስ?"

"እነሱማ ቦታ ይለቃሉ።"

ያፌት ባንኮኒውን ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "እህቴ፣ ዕድር ሞት ቸግሮት ያውቃል?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። እኔ ሽያጭ ነኝ።"

ያንኑ ርካሹን ደግሞ አስቀንሶ፣ በላዩም ጥቁር ልባስ አስመርቆ ወጣ። በብሎኩ እንደ ድል አድራጊ ተቀበሉት። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዳግማዊ ግንባሩን ሳመው። ጋሽ ዳግማዊ ማለት ማር የሚንጠባጠብ አንደበት ያለው፣ ሰው ገደል ሲከት እንኳ አመስግኖ የሚከት ሰውዬ ነው።

ከዚያ ሞት ጠፋ።

ምን እንደነካው አይታወቅም። ታብሌቱ በብሎኩ ደጃፍ በገባበት ሞት በጓሮ የወጣ ነው የሚመስለው። የሚያስል ሰው ጠፋ። ከአርባኛው ፎቅ የወደቀው ቀለም ቀቢ የእትዬ ፌቨን ፍራሽ ላይ አርፎ፣ ተነስቶ ባልዲውን ጠየቀ። እማማ ቢታኒያ እንኳ፣ ዛሬ ነገ ሲባሉ ዓመታት የቆዩትና ከፈናቸው ተተኩሶ የተቀመጠው፣ ከአልጋ ወርደው በሰው ሠርግ ላይ እስክስታ መቱ። የዕድሩ አባላት ሠርጉ ላይ ቆመው አዩአቸው፤ ያጨበጨበ የለም።

ታብሌቱ ጋሽ ዳግማዊ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ የሴት ድምፅ "እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ማን አለ?" ይላል። ማንም የለም ሲሉት ዝም ይላል። ዝምታው ነው የከፋው። ሰዉ የታመመ መጠየቅ አበዛ። ሾርባ ይዘው ይሄዳሉ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ፣ "እንዴት ነህ? ለውጥ አለ?" ይላሉ። "ተሽሎኛል" ሲባሉ ሾርባቸውን አንስተው ይወጣሉ።

የሩብ ዓመቱ ማለቂያ ሲቃረብ ጋሽ ዳግማዊ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ስብሰባ ጠራ።

"ወገኖቼ፣ እንደምታውቁት ሞት ጠፍቷል።"

"ተመስገን ነው!" አለች አንዷ ከኋላ።

"ተመስገን ነው። ግን ታብሌቱ ሊሄድብን ነው። ታብሌቱ ከሄደ የእኔ ሚስት፣ የአንተ አባት፣ የፌቨን እናት ከቆሙበት ተነስተው መንገድ ላይ ይጣላሉ። ይሄን ማን ይችላል? ስለዚህ አንድ ሰው ለመዝገብ ያህል… ስሙን ብቻ ነው የምንለው። ገላው ከኛው ጋር ይኖራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። እውነተኛ ሟች ሲገኝ ወዲያው እናስተካክላለን።"

ሰዉ ጫማ ጫማውን አየ። በዚህ መሀል እትዬ ፌቨን፣ ምላሷ ከጎኗ እንደተሰካ ጩቤ የሆነች፣ እግሯን አነባብራ "ገዢው ይሙታ!" አለች።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ያፌትም አብሮ ሳቀ። ሲስቅ ግን ሌላው መሳቁን እንዳቆመ አስተዋለ።

"አይሆንም" የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። እዚያ ደርሳ ጋሽ ዳግማዊን አየች፣ ለራሱ ሠርግ ድንኳን ሲተክሉ የዋሉትን ጎረቤቶች አየች፣ እሱ ሲታመም ያደሩለትን አየችና አፍራ ተመለሰች። በእሷ ቦታ ሌላ ቃል ወጣ።

"እንግዲህ… ለናንተ ያልሆንኩ ለማን እሆናለሁ?"

አጨበጨቡለት። ፌቨን እልል አለች።

ያፌት ሞተ፤ ሞቱም በደንብ ተሠራ። የመቃብሩ ወለል ሚዛን ስለሆነ ባዶ ሳጥን አይቀበልም። ስለዚህ ሟቹን ከልኳንዳ ቤት ሚዛን ላይ ሰቅለው መዘኑት። ባለልኳንዳው ከልማድ የተነሳ "ሽንጡ ደህና ነው" አለ። በልኩ አንድ ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ ሳጥን ውስጥ ገባ። ያፌት ሲሚንቶውን በማሸከም አገዘ፤ ቆሞ ማየት ደስ አላለውም።

ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ የቀረ ሰው እንደደንቡ ተቀጣ። ታብሌቱ ከፊት ተቀምጦ እንባ ይለካል። መጀመሪያ ሰዉ በምራቁ ዓይኑን ያርስ ነበር፤ ታብሌቱ "እባካችሁ፣ ከልብ" ሲል ተደናገጡ። ያን ጊዜ ፌቨን ተነሳች። ፌቨን ስታለቅስ ድንጋይም መሐረብ ይፈልጋል።

"ዋጋ አስጣይ ነበር፣ ለሁሉ ተሟጋች፣
ዛሬስ ሳይከራከር በነጻ ሆነ ሟች!"

ድንኳኑ በዋይታ ተሞላ። ያፌት በሩ አጠገብ ጋቢ ተከናንቦ፣ የሩቅ ዘመድ መስሎ ቆሟል። እንዲህ ይወዱኛል እንዴ ብሎ አለቀሰ። የሱም እንባ ተቆጠረ። ሚስቱ ሶልያና ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ጥቁር ያምርባት ነበር።

ሳጥኑ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ያፌት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ጊዜ ነዘረው። አወጣው። "ነፍስ ይማር" ይላል። ከዚያ ጠፋ።

ስልክ ማለት ደግሞ በዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር ነው። ሊፍቱ አልከፈተለትም፤ ሃያ ሰባተኛ ፎቅ በእግሩ ወጣ። የቤቱ በር አላወቀውም፤ ሶልያና ከውስጥ ከፈተችለት። ቧንቧው እጁን ከሥሩ ቢያደርግለት አልንጠባጠብም አለ። ዳቦ ቤት ሄዶ ወረፋ ያዘ፤ ወረፋው በላዩ ላይ አለፈ። በማግስቱ ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው፣ ለብዙ ዓመት ሰላም ሲባባሉ የኖሩት፣ ቆቡን አወለቀለት።

"ነፍስዎን ይማር ጋሽ ያፌት። ከሞቱ ወዲህ እንኳ ፊትዎ ወዝ አውጥቷል።"

"አልሞትኩም እኮ፣ ወንድሜ። ክፈትልኝ።"

"እኔማ ባየሁት አምን ነበር። በሩ ግን አያምንም። ደግሞ ቦታዎ ላይ ሰው ገብቷል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ደስ ይበልዎ።"

እንዲህ በሰው ስልክ፣ በሰው እጅ መኖር ጀመረ። ውሃ ሲፈልግ "ሶሊ፣ ቧንቧውን ንኪልኝ" ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እየሳቀች ትነካለት ነበር። ኋላ ግን መንካቱ ታከታት። በሌላ በኩል የባልቴት ቅናሽ መጣላት፤ ዳቦ በቅናሽ፣ ሊፍት በቅናሽ፣ በየወረፋው ቅድሚያ። ወንበር ይለቁላታል፣ አንገታቸውን ደፍተው "እግዜር ያጥናሽ" ይሏታል። ያፌት በኖረበት ዘመን ሁሉ ለሷ ወንበር የለቀቀላት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከኋላዋ ሲከተላት ዞር ብላ "እባክህ ራቅ በል፣ ሰው ያየናል" አለችው።

ያፌት ጋሽ ዳግማዊ ቤት ሄዶ ታብሌቱ ፊት ቆመ።

"እንደምን አደሩ ሟች አቶ ያፌት" አለው ታብሌቱ። "ምን ልታዘዝ?"

"መልሰኝ። ስሜን መልስልኝ።"

"ይቅርታ። የቅናሽ አገልግሎታችን ትንሣኤን አይጨምርም። ትንሣኤ የሚገኘው በውዱ ታብሌት ነው።"

"ውዱማ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው!" ብሎ ጮኸ ያፌት።

"ልክ ነው። ዝም ብሎ ያስነሳል።"

የቀረው ተስፋ እውነተኛ ሟች ማግኘት ነበር። ጋሽ ዳግማዊ ሲገኝ እናስተካክላለን ብሎ የለ? ያፌት እማማ ቢታኒያን መጠየቅ ጀመረ። ጠዋት ይሄዳል፣ ከሰዓት ይሄዳል። ትራሳቸውን ያስተካክላል፣ ትንፋሻቸውን ያዳምጣል፣ እጃቸውን ይዞ የልብ ምታቸው የሚቆምበትን ይጠብቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሆንም አንዳንዴ መስኮቱን ከፍቶባቸው ይሄድ ነበር።

"እማማ፣ ዛሬስ እንዴት ነዎት?"

"ልጄ፣ እንዳንተ የሚጠይቀኝ ማን አለ? የገዛ ልጆቼ ረስተውኛል። ያ የምትከፍትልኝ ነፋስ ደግሞ ሳንባዬን ከፈተልኝ።" እማማ እጁን ጭብጥ አድርገው ያዙ፤ ጉልበታቸው አስደነገጠው። "አንተ እየመጣህ እኮ ነው የዳንኩት!"

ክረምት ገባ። የዘንድሮው ዝናብ ዝናብ አልነበረም፤ ሰማዩ ቧንቧው ተሰብሮበት ነው። አሣ በሊፍት ሲወጣ አየሁ ያለ ሰው አለ። እርጥበቱ በግድግዳው ሰርጎ መቃብሮቹ ውስጥ ገባ፤ ያፌት ሳጥን ውስጥም ገባ። ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው።

አንድ ጠዋት ታብሌቱ "ዛሬ ማን አለ?" አላለም። ሌላ ነገር አለ።

"ሟች አቶ ያፌት ከተቀበሩ ወዲህ ክብደት ጨምረዋል። ይህ የተለመደ አይደለም። ሌሎቹ ሟቾች በሥርዓቱ እየቀለሉ ነው። ነገ ጠዋት በሠራተኞቻችን በሩ ተከፍቶ ይታያል። ሟቹ በቦታቸው ካልተገኙ ውሉ ይፈርሳል፤ የተቀበሩትም ሁሉ ቦታ ይለቃሉ። መልካም ቀን።"

ወሬው ከታች ፎቅ እስከ ላይ ፎቅ ከሊፍት ቀድሞ ደረሰ። ያፌት ግን አልሰማም፤ ለሞተ ሰው ማን ይነግራል? ከሰዓት በኋላ ሶልያና የቀረችውን ሽሮ አቅርባለት ሲበላ፣ በሩ ተንኳኳ።

ሽማግሌ መጣ። ጋሽ ዳግማዊ ከፊት ነው፤ አንገቱ ላይ ብሎኬት ተሸክሟል። ለይቅርታ ድንጋይ መሸከም የአባት ደንብ ነው፤ በአዳማ ግን ድንጋይ ከየት ይመጣል፣ ሁሉም ሲሚንቶ ሆኖ አለቀ እኮ። ከኋላው ፌቨን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ከሷ ኋላ የዕድሩ ሰዎች ኮሪደሩን ሞልተውታል። ያፌት እጁን እያራገፈ ተነሳ።

"ግቡ፣ ግቡ እንጂ! ምነው ጋሽ ዳግማዊ፣ ምን አድርጌ ነው? አውርደው፣ ወገብህ ይጎዳል! ሶሊ፣ ወንበር!"

"አንቀመጥም" አለ ጋሽ ዳግማዊ። "እሺ ካላልከን አንቀመጥም።"

"ኧረ እሺ እላለሁ! ምንድን ነው ነገሩ?"

"ቀድመህ አትማል፣ ልጄ። ከባድ ነው።" ጋሽ ዳግማዊ ታብሌቱ ያለውን ሁሉ ነገረው። ሲናገር ድምፁ እንደ ወትሮው ማር ነበር። "እንግዲህ ሳጥኑን ቀድመን ልናስተካክል ነው የመጣነው። ሲሚንቶውን ማውጣት የኛ ፋንታ። የቀረው… የቀረው ያንተ ነው።"

ያፌት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት አየ። የሚስቅ ፈለገ። የለም።

"ጋሽ ዳግማዊ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ እኮ ነፍሴ አለች።"

"እናውቃለን። የለችም ያለ አለ? ለዚያ እኮ ነው ሽማግሌ ሆነን የመጣነው። ነፍስ ባይኖርህማ መች እንለምንህ ነበር፣ ተሸክመን እንሄድ ነበር።"

"ሌላ ሲሚንቶ ብትቀይሩበትስ? ደረቁን?"

"ገልጠው ያያሉ፣ ያፌት። ፊትህን ነው የሚፈልጉት።"

ፌቨን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ተንሰቀሰቀች። ያቺ ምላሷ የት እንደገባች አይታወቅም። "ያፌትዬ" አለች፣ "እናቴ በስተርጅና ጉልበቷን ታማ፣ ሞታ እንኳ አልተቀመጠችም። ነገ ቆሻሻ መኪና ላይ ሊጥሏት ነው። አንተ ወንድሜ፣ በእናቴ ልለምንህ?" ብላ ተንበርክካ ጫማውን ያዘች።

"ኧረ ተነሺ! ፌቨን፣ ተነሺ በማርያም!" ያፌት ሊያነሳት ጎተታት፤ ነጠላዋ በእንባ ርሶ ነበር። እውነተኛ እንባ ነው፣ የሚለካው ታብሌትም አልነበረም።

"በቀዳዳው አየር ይገባል ይላሉ" አለ ከኮሪደሩ አንድ ሰው፣ ለማጽናናት ያህል።

"ምን አየር፣ ትንሽ ነው" አለ ሌላው።

"ትንሽ ቢሆንም ይሻላል ብዬ ነው።"

"አይሆንም" የምትለው ቃል አሁንም ጉሮሮው ላይ ነበረች። በዚህ ጊዜ ግን ልታፍር አይገባትም፤ ያፌት ይህን ያውቃል፣ ጫማው ተይዞ እንኳ ያውቃል። ነፍስ እኮ ነች! አፉን ከፈተ። የጋሽ ዳግማዊ አንገት ከብሎኬቱ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ የደም ሥሩ ተገትሯል፣ ላቡ ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሽማግሌው ቅሬታ አላሰማም። ሽማግሌ ቅሬታ ቢያሰማ ኖሮ ይቀልለው ነበር።

ያፌት አፉን እንደከፈተ ወደ ሚስቱ ዞረ። አንዲት ቃል ነው የፈለገው። "ባሌን የት ትወስዱታላችሁ!" ብላ አንድ ጊዜ ብትጮህ፣ እሱ ከኋላዋ ሆኖ ያለቅስ ነበር፣ ሰዉም አፍሮ ይሄድ ነበር።

ሶልያና ወንበሮቹን ግድግዳ ዳር ዳር ደርድራ ጨርሳ፣ እጇን አጣምራ ቆማለች። በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አየች፣ ምንጣፏ ላይ የሚንጠባጠበውን የጋሽ ዳግማዊን ላብ አየች፣ ከዚያ ባሏን አየችው። ፊቷ ቀላ።

"ምነው ያፌት?" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ትልቅ ሰው አቁመህ ታስጠብቃለህ? ሰው ምን ይለናል?"

ያፌት አፉን ዘጋ። ከዚያ ወደ ጋሽ ዳግማዊ ሄደና ብሎኬቱን በሁለት እጁ ከአንገቱ ላይ አወረደለት።

"እሺ" አለ።

ቤቱ ሙሉ ሰው በአንድ ትንፋሽ ተነፈሰ። ወንበሮቹ ሲጢጥ አሉ፣ ሰዉ ተቀመጠ፣ ፌቨን እየተነሳች አፍንጫዋን ጠረገች። ጋሽ ዳግማዊ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ቆቡን አወለቀ፣ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ያለ ሰው ሳይመረቅ አይተውም።

"ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ልጄ" አለ።

"አሜን!" አሉ ሁሉም።